ለ13 ሴል 14 ሽቦ

በኤሌክትሪክ ብስክሌት ላይ የሚገጠም ባለ 48 ቮልት ባትሪ ከውጭ ሲያዩት አንድ ሣጥን ነው። ሲከፈት ግን ብዙውን ጊዜ በተከታታይ የተያያዙ 13 የሊቲየም አዮን ሴሎች ይገኙበታል። አንዱ ሴል በአማካይ 3.7 ቮልት ስለሚይዝ ድምሩ 48.1 ይመጣል። ይህ ድምር ታዲያ ብዙ ነገር ይደብቃል። 12ቱ ሴሎች 3.75 ቮልት ላይ ቆመው አንዱ ብቻውን ወደ 3.1 ቢወርድም፣ ቴስተር በሁለቱ ጫፎች ሲያዝ የሚያሳየው ያንኑ 48.1 ነው።

የደከመው ሴል ጉዞ ላይ ከሌሎቹ ቀድሞ ያልቃል፤ ሞተሩ መሳቡን ከቀጠለ ደግሞ ከልኩ በታች ወርዶ ይበላሻል። ቻርጅ ሲደረግ ነገሩ ይገለበጣል። ቀድሞ የሞላው ሴል 4.2 ቮልትን እያለፈ ከሄደ ይግላል፣ ያብጣል፣ ሲብስም በእሳት ይያያዛል። ስለዚህ እያንዳንዱን ሴል ለብቻው የሚከታተል ጠባቂ ያስፈልጋል። ጠባቂው የባትሪ መቆጣጠሪያ ቺፕ ነው።

ከእነዚህ አንዱ የቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ ምርት የሆነው ቢኪው76952 ነው። በተከታታይ የተያያዙ ከ3 እስከ 16 ሴሎችን ይከታተላል፤ የየሴሉን ቮልቴጅ፣ የሚያልፈውን ከረንትና ሙቀቱን ይለካል። አደጋ ሲያይ የቻርጁን ወይም የሞተሩን መስመር የሚከፍቱትን ትራንዚስተሮች ያጠፋል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ግን ሽቦዎቹ ትክክለኛውን ልክ ካደረሱለት ነው።

13 ሴል 14 የመለኪያ ሽቦ ይፈልጋል። የመጀመሪያው ከባትሪው ዋና ኔጋቲቭ ይነሳል፤ ሁለተኛው ከአንደኛው ሴል ፖዘቲቭ፣ ሦስተኛው ከሁለተኛው ሴል ፖዘቲቭ እያለ እስከ ላይ ይደርሳል። ቺፑ ለ16 ሴል የተዘጋጀ በመሆኑ ሦስት መግቢያ ይተርፋል። የተረፉትን ክፍት መተው አይገባም፤ አምራቹ በሰነዱ ባመለከተው ቦታ ከጎረቤታቸው ጋር ይገናኛሉ።

ሽቦው የሚበየድበት ቦታም በጥንቃቄ ይመረጣል። ሞተሩ 30 አምፒር ሲስብ፣ አንድ ሚሊኦም ብቻ ያለው መገጣጠሚያ 30 ሚሊቮልት ይውጣል። የመለኪያው ሽቦ ከዚያ መገጣጠሚያ ወዲያ ማዶ ከተበየደ ቺፑ ጤነኛውን ሴል ደካማ አድርጎ ያነበዋል። መፍትሔው ዋናው ከረንት የማያልፍበትን ቀጭን ሽቦ በቀጥታ ከሴሉ ጫፍ ማንሳት ነው። በየሽቦው መግቢያ ላይ የሚቀመጡት ሬዚስተርና ካፓሲተር ከሞተሩ የሚመጣውን ረብሻ ያጣራሉ። ብዙ ባለሙያዎች ከሴሉ አጠገብ ትንሽ ፊውዝ ይጨምራሉ፤ ሁለት ቀጫጭን ሽቦዎች ከተነካኩ ሳይቃጠሉ መስመሩ እንዲቋረጥ ነው።

ኮኔክተሩ ቺፑ ላይ ከመሰካቱ በፊት ይፈተሻል። የቴስተሩ ጥቁር ጫፍ የመጀመሪያው ፒን ላይ ይቀመጥና ቀዩ በየተራ ይራመዳል፦ 3.7፣ 7.4፣ 11.1 እያለ እስከ 48.1። ቁጥሩ በመሐል ወደ ኋላ ከተመለሰ ሁለት ሽቦዎች ቦታ ተለዋውጠዋል ማለት ነው። በዚህ ሁኔታ ቢሰካ አንዱ መግቢያ የተገለበጠ 3.7 ቮልት ሲደርሰው ጎረቤቶቹ 7.4 ይሸከማሉ። ቢኪው76952 ሴሎቹ በየትኛውም ቅደም ተከተል ሲገናኙ እንዲችል ሆኖ የተሠራ ነው፤ ይህ ግን ቦታውን ለሳተ ሽቦ መከላከያ አይሆንም።

እነዚሁ ሽቦዎች ሌላም ሥራ አላቸው። ከሌሎቹ በላይ የሞላ ሴል ሲገኝ ቺፑ ትርፉን በሬዚስተር በኩል ወደ ሙቀት እየለወጠ ያወርደዋል። ከረንቱ በመለኪያው ሽቦ ስለሚያልፍ ንባቡን ያዛባል፤ በልኬት ጊዜ ማውረዱ ለአፍታ ይቆማል። ፍጥነቱም አዝጋሚ ነው። ባለ 10 አምፒር ሰዓት ሴል ከሌሎቹ በ2 በመቶ ቢበልጥ፣ ትርፉ 200 ሚሊአምፒር ሰዓት ነው፤ በ50 ሚሊአምፒር ሲወርድ 4 ሰዓት ይፈጃል። ልዩነቱ 20 በመቶ ከሆነ 40 ሰዓት ይጠይቃል። ባትሪ የሚገጣጥሙ ባለሙያዎች ሴሎቹን ከማያያዛቸው በፊት እኩል ቻርጅ የሚያደርጓቸው በዚህ ምክንያት ነው።