የቦዩ ወዲያና ወዲህ

የወላጆቻችንን ግቢ ከታናሽ ወንድሜ ጋር ከተካፈልን ጀምሮ በሆዴ ይዤው የኖርኩት ቅሬታ ነበር። ድንበራችን የተጠማዘዘ የጎርፍ ቦይ ነው፤ ለዓይኔ የእሱ ወገን ሰፋ ይልብኛል። ካርታው ላይ የተጻፈው የሁለታችን ድምር ብቻ ነው፣ 2,600 ካሬ ሜትር።

ቅዳሜ ዕለት የ6ኛ ክፍል ተማሪዋ የልጅ ልጄ የሎሚ ቅጠል ካሬ ካሬ የተሰመረበት ደብተር ላይ አስቀምጣ ዙሪያውን ታሰምራለች። የቅጠሉን ስፋት ፈልጉ ተብለዋል።

"ሙሉዎቹን ካሬዎች ትቆጥሪያለሽ፤ ጠርዙ የቆረጣቸውን ደግሞ ቆጥረሽ ለሁለት ታካፍያለሽ፤ ትልቁ ቁራጭ ትንሹን ይሞላዋል፣ እማማ" አለችኝ።

ካርታውን ከሣጥን አወጣሁት። መስኮቱ ላይ አስደግፈን ከነቦዩ ደብተሯ ላይ ገለበጥነው። በካርታው 1 ሴንቲ ሜትር መሬት ላይ 10 ሜትር ነው፤ የደብተሯ ካሬ ጎን ግማሽ ሴንቲ ሜትር ስለሆነ አንዷ ካሬ 25 ካሬ ሜትር ትይዛለች። መነጽሬን ሁለቴ ጠርጌ ቆጠርኩ። የእኔ 40 ሙሉ፣ 24 ቁራጭ፤ 52 ካሬ፣ ማለትም 1,300 ካሬ ሜትር። የእሱ 43 ሙሉ፣ 20 ቁራጭ፤ 53 ካሬ፣ 1,325።

"ጋሼ በለጠሽ ማለት ነው?"

ድምራችን ራሱ ካርታው ላይ ካለው በአንድ ካሬ በልጧል። የበለጠችው እሷው ትሆን ይሆናል፤ ካሬዎቹ ቢያንሱ ኖሮ ወደ እውነቱ ይበልጥ እንቀርብ ነበር።

ማታ ወንድሜ ጋ ደወልኩ። ካርታውን አላነሣሁበትም፤ ቡና ለመጠጣት መቼ እንደሚመጣ ጠየቅሁት።