ያገለገለ ስኳየር ልግዛ?

ቱላ ውስጥ ጊታር የጀመሩ ወጣቶች ይህን ሲጠይቁኝ ደስ ይለኛል። የጊታር አምራቹ ፌንደር ስትራቶካስተር የተባለውን ኤሌክትሪክ ጊታር በ1954 እ.ኤ.አ. አወጣ፤ በ1982 ደግሞ ያንኑ ቅርጽ በስኳየር ስም በርካሽ ማቅረብ ጀመረ። ለጀማሪ ከበቂ በላይ ነው፣ አንገቱ ደህና ከሆነ።

እኔም መጀመሪያ የማየው አንገቱን ነው። ወፍራሙን ክር በአንድ እጃችሁ 1ኛው ፍሬት ላይ፣ በሌላው የመጨረሻው ፍሬት ላይ ያዙት። 7ኛው ፍሬት አካባቢ ወረቀት የምታሾልክ ክፍተት ብቻ ከታየች ጥሩ ነው። ሰፋ ካለ አንገቱ ጎብጧል፤ ብዙ ጊዜ ውስጡ ያለውን ብረት በመፍቻ በማዞር ይስተካከላል። የተጠማዘዘ አንገት ግን፣ እባካችሁ፣ በምንም ዋጋ አትውሰዱ።

ቀጥሎ ክሩን ቃኙና 12ኛው ፍሬት ላይ ተጭናችሁ በስልካችሁ መቃኛ ለኩ። ያው ድምፅ አንድ ኦክታቭ ከፍ ብሎ ካልመጣ፣ ትዝታን ከኪቦርድ ጋር ስትጫወቱ ለጆሮ ይሻክራል። ድልድዩ ላይ ባሉት ብሎኖች ስለሚስተካከል ግን አያስፈራም።

አምፕሊፋየር ላይ ሳትሰኩ ገንዘብ አትክፈሉ። ቮልዩሙ ሲዞር ቢንኮሻኮሽ አብዛኛውን ጊዜ አቧራ ነው። ክሩ ሥር የተቦረቦረ ፍሬት ካያችሁ ግን ጠንክራችሁ ተከራከሩ፤ ፍሬት ሙሉ በሙሉ ማስቀየር የጊታሩን ዋጋ ሊጠጋ ይችላል።