የኤልጎን ተራራ ዋሻዎች

ጨው ለሰውም ሆነ ለእንስሳ እጅግ አስፈላጊ ነው። በኢትዮጵያ ከብት አርቢው መንጋውን ወደ ሆራ ነድቶ የሚያጠጣው ወይም አሞሌ የሚያስልሰው በዚሁ ምክንያት ነው። እረኛ የሌላቸው የዱር አራዊት ግን ጨዋቸውን ራሳቸው ፈልገው ማግኘት አለባቸው። ይህ ፍለጋ ምን ያህል ታላቅ ሥራ እንደሚያሠራ ከሚያሳዩት ስፍራዎች አንዱ በኬንያ የሚገኘው የኤልጎን ተራራ ብሔራዊ ፓርክ ነው።

ኤልጎን በኬንያና በኡጋንዳ ወሰን ላይ የቆመ፣ እሳት መትፋቱን ካቆመ ብዙ ዘመን ያለፈው እሳተ ገሞራ ነው። ከፍተኛው ጫፉ ከባሕር ወለል በላይ 4321 ሜትር ይደርሳል። በኬንያ በኩል ያለው ክፍል እ.ኤ.አ. በ1968 ብሔራዊ ፓርክ ተብሎ ተከለለ። በደን በተሸፈነው ምሥራቃዊ ገጹ ላይ ኪቱም፣ ማኪንጌኒ፣ ቼፕኒያሊልና ንግዋሪሻ የሚባሉ ዋሻዎች ይገኛሉ። ከእነዚህም ይበልጥ የታወቀው ኪቱም ሲሆን፣ ወደ ተራራው ውስጥ 200 ሜትር ያህል ይዘልቃል።

ጎብኚው ወደ ኪቱም ሲገባ የቀኑ ብርሃን ብዙም ሳይርቅ ከኋላው ይቀራል። መብራቱን ወደ ግድግዳው ሲያዞር ዐለቱ ከላይ እስከ ታች በጭረት ተወቅሮ ይመለከታል። እ.ኤ.አ. በ1883 ወደ ተራራው የመጣው ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጆሴፍ ቶምሰን ዋሻዎቹን የጥንት ሰዎች እጅ እንደ ፈለፈላቸው ገምቶ ነበር። የአካባቢው ነዋሪዎች ከነከብቶቻቸው ይጠለሉባቸው ስለ ነበር ግምቱ ከእውነት የራቀ አይመስልም ነበር። በኋላ በተደረገው ጥናት ግን ጭረቶቹ የዝሆን ጥርስ ያሳረፋቸው ምልክቶች መሆናቸው ታወቀ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የተራራው ዐለት ከእሳተ ገሞራ አመድና ፍርስራሽ የተሠራ በመሆኑ ለስላሳ ነው፤ በውስጡም ሶዲየም ያለበት ጨው ይገኛል። ብዙ ዝናብ በሚወርድበት ተራራ ላይ ጨው ከአፈሩ ታጥቦ ስለሚሄድ፣ በሣሩና በቅጠሉ ውስጥ ያለው ጥቂት ብቻ ነው። ስለዚህ ዝሆኖች በሌሊት ተከታትለው ወደ ዋሻው ይገባሉ። በድቅድቁ ጨለማ ውስጥ መንገዳቸውን በኩምቢያቸው እየዳሰሱ ያገኙታል፤ ግልገሉም እናቱን ተጠግቶ ይሄዳል። ከዚያም ዐለቱን በጥርሳቸው ፈንቅለው፣ በመንጋጋቸው ፈጭተው ይውጡታል። ጎሽና ድኩላም ጨው ሊልሱ ይመጣሉ። ዝሆኖቹ ይህን በብዙ ትውልድ በመደጋገማቸው ዋሻዎቹን እያሰፉና እያስረዘሙ እንደ ሄዱ ይታመናል።

ወደ ዋሻው መግባት ግን አደጋ የሌለበት አይደለም። በኪቱም ውስጥ ግልገል ዝሆኖች ገብተው የሞቱበት ጥልቅ ስንጥቅ አለ። ለሰውም ቢሆን ሌላ አደጋ አለ። እ.ኤ.አ. በ1980 እና በ1987 ዋሻውን ጎብኝተው የነበሩ ሁለት ሰዎች ማርበርግ በተባለ ገዳይ በሽታ ሞተዋል። የበሽታው ቫይረስ በዋሻ ውስጥ በሚኖሩ ፍራፍሬ በል የሌሊት ወፎች ላይ እንደሚገኝ ከጊዜ በኋላ በጥናት ተረጋግጧል። ስለሆነም ጎብኚው አፍና አፍንጫውን መሸፈን፣ የሌሊት ወፎችንም ሆነ ኩሳቸውን ከመንካት መጠንቀቅ ይገባዋል።

ለዝሆኖቹ ከሁሉ የከፋው አደጋ የመጣው ግን ከሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ ሕገ ወጥ አዳኞች ለጥርሳቸው ሲሉ የኤልጎንን ዝሆኖች ክፉኛ ፈጇቸው። ጨው የሚያወጣላቸው ጥርስ የሞታቸው ምክንያት ሆነ። ወደ ዋሻው የሚወስደው መንገዳቸው የታወቀ መሆኑም ለአድፋጩ አመቸው። እ.ኤ.አ. በ1989 ዓለም አቀፉ የዝሆን ጥርስ ንግድ እንዲታገድ ተወሰነ።

ግልገሉ የዋሻውን መንገድ የሚማረው እናቱን ተከትሎ ነው። አንዲት እናት ዝሆን ስትገደል መንገዱን የምታውቀውም፣ የምታሳየውም አብራ ትጠፋለች። ከዚህ የተነሣ በኤልጎን የሚደረገው ጥበቃ የዝሆኖቹን ሕይወት ብቻ ሳይሆን፣ ከእናት ወደ ልጅ ሲተላለፍ የኖረውን እውቀታቸውንም የሚያድን ነው።