የእንጉዳይ ተፈጥሯዊ ውህዶችና የደም ግፊት ሕክምና

ከፍተኛ የደም ግፊት አብዛኛውን ጊዜ ምልክት ሳያሳይ ቆይቶ በስትሮክ፣ በልብ ድካም ወይም በኩላሊት ጉዳት ራሱን ይገልጣል። እ.ኤ.አ. በ2015 በተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት ከአዋቂዎች ከመቶ 16 ያህሉ ግፊታቸው ከፍ ብሎ የተገኘ ሲሆን፣ ከተጠያቂዎቹ አብዛኞቹ ቀደም ሲል ተለክተው አያውቁም ነበር።

በእንጅባራ፣ በዳንግላና በአካባቢያቸው ክረምት ሲገባ እንጉዳይ በየመስኩ ይበቅላል። እንጉዳይ ጨው የሌለበት፣ ፖታሲየም ያለው ጥሩ ምግብ ነው። ግፊትን ይቀንሳል የሚለውም አባባል መሠረት የሌለው አይደለም። በሰውነት ውስጥ የደም ሥርን የሚያጠብ ንጥረ ነገር እንዲፈጠር የሚያደርግ ኢንዛይም አለ፤ ኢናላፕሪል የተባለው መድኃኒት የሚሠራው ይህንኑ ኢንዛይም በመግታት ነው። ከአንዳንድ የእንጉዳይ ዓይነቶች የተለዩ የፕሮቲን ቁርጥራጮችም በቤተ ሙከራ ተመሳሳይ ውጤት አሳይተዋል።

ይሁን እንጂ በቤተ ሙከራ የሠራ ሁሉ በሰው ላይ አይሠራም፤ ፕሮቲኑ በጨጓራና በአንጀት ይፈጫል፣ መጠኑም ከእንጉዳይ እንጉዳይ ይለያያል። ጋኖደርማ ወይም ሬይሺ በተባለው እንጉዳይ ላይ የተደረጉ ሙከራዎችን እ.ኤ.አ. በ2015 የገመገመው የኮክሬን ጥናት ለልብና ለደም ሥር ሕመም አጋላጭ ሁኔታዎች ሕክምና እንዲውል የሚያበቃ ማስረጃ አላገኘም። ካፕቶፕሪል የተባለው የግፊት መድኃኒት መነሻው የብራዚል እባብ መርዝ ነው፤ ነገር ግን መርዙን ራሱን ለሕክምና የሚወስድ የለም። ከተፈጥሮ የተገኘ ውህድ መድኃኒት የሚሆነው ተጣርቶ፣ ተመጥኖና በሕሙማን ላይ ተፈትኖ ነው።

ስለሆነም የእንጉዳይ ዱቄት፣ እንክብል ወይም ቡና «ግፊትን ያድናል» ተብሎ ቢቀርብ በሐኪም የታዘዘን መድኃኒት ማቋረጥ አይገባም። ጉዳቱ ወዲያው ስለማይሰማ ታካሚው የዳነ ይመስለዋል፤ አደገኛውም ይኸው ነው። ምርቱን የሚጠቀም ሰው፣ በተለይም ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ከሆነ፣ ማሸጊያውን ይዞ ለጤና ባለሙያ ያሳይ። ነፍሰ ጡር እናት ደግሞ የምትወስደውን የግፊት መድኃኒት ሁሉ ለባለሙያ ትንገር፤ ኢናላፕሪል በእርግዝና ጊዜ አይወሰድም። ከሜዳ የተለቀመ የማይታወቅ እንጉዳይም ገዳይ ሊሆን ስለሚችል ለመድኃኒትነት መሞከር የለበትም።

የደም ግፊት በጤና ጣቢያና በሆስፒታል ይለካል። በተለያዩ ቀናት ተለክቶ 140/90 እና ከዚያ በላይ የሆነ ሰው ክትትል ይጀመርለታል። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባላት የታደሰ መታወቂያቸውን ይዘው በቅድሚያ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂዱ፤ ሆስፒታል ካስፈለገ የሪፈራል ወረቀት ከዚያው ይሰጣል። ፈዋሽ ነው ተብሎ የሚሸጥ አጠራጣሪ ምርት ሲያጋጥም በኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነፃ የስልክ መስመር 8482 መጠቆም ይቻላል።