በሁለት ሥዕል መካከል ምን አለ? ኮሚክ ከጓደኛ ጋር እንዴት ይሠራል

ወረቀት ላይ አራት ሣጥን አስምሩ። በመጀመሪያው ጀበና ከሰል ላይ ተጥዷል፤ አጠገቡ አንዲት ልጅ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ስልኳ ላይ አቀርቅራለች። በሁለተኛው ፊቷ ብቻ ይታያል፤ የስልኩ ብርሃን ጉንጯ ላይ አርፎ በሳቅ ፍርስ ብላለች። በሦስተኛው ከመጋረጃው ጀርባ የእናቷ አፍንጫ ብቅ ብሏል። በአራተኛው ልጅቷ ተንበርክካ ወለሉን ትወለውላለች፤ የጠፋው ከሰል ይጨሳል።

ቡናው ሲገነፍል የሚያሳይ ሥዕል የለም። እናትየዋ ስትቆጣም አልተሳለችም። ቢሆንም ሁለቱንም አይታችኋል።

ኮሚክ የሚሠራው እዚያ ላይ ነው፤ በሣጥንና በሣጥን መካከል ባለችው ነጭ ክፍተት። አሜሪካዊው ሠዓሊ ስኮት ማክላውድ እ.ኤ.አ. በ1993 ስለ ኮሚክ አሠራር አንድ መጽሐፍ አሳተመ፤ መጽሐፉ ራሱ ከዳር እስከ ዳር ኮሚክ ነው። እዚያ ላይ በሰፊው ያስረዳው ይህንኑ ነገር ነው፦ ሠዓሊው ሁለት የቆሙ ቅጽበቶችን ይሰጣል፣ በመካከላቸው የሆነውን የሚፈጽመው አንባቢው ነው። ስለዚህ ኮሚክ ሠሪ ከሁሉ በፊት ምን እንደሚተው ማወቅ አለበት። ብቻውን ለሚሠራ ሰው ይህ በጣም ይከብዳል፤ የተተወውን ነገር አስቀድሞ ያውቀዋልና። ክፍተቱ የሚሻገሩት ይሁን አይሁን ሊነግራችሁ የሚችለው ታሪኩን የማያውቅ ሰው ነው። በዚህ ሥራ ጓደኛ ያስፈልጋል የምለው ለመዝናናት ብቻ ብዬ አይደለም።

እኔ እጽፋለሁ፣ ጓደኛዬ ትስላለች። የጀበናውን ታሪክ ጽፌ ስሰጣት አምስት ሣጥን ነበረው፤ ሦስተኛው ላይ ቡናው ገንፍሎ ከሰሉ ላይ ሲፈስ ይታያል። ለመሳል የሚያጓጓ ሣጥን ነው፤ እንፋሎት አለው፣ የእሳት ፍንጣሪ አለው። እሷ በመዳፏ ሸፈነችውና “አሁን አንብበው” አለችኝ። ሳቁ በእጥፍ ጨመረ። ምክንያቱን ቆይተን ስናስበው ግልጽ ሆነልን፤ አንባቢው እንደ ልጅቷ ሁሉ በሳቋ ተስቦ ቡናውን ይረሳዋል፣ ከዚያ ድንገት ወለሉ ላይ ያገኘዋል። ሥዕሉ ቢኖር ኖሮ አንባቢው ከልጅቷ ቀድሞ ያውቅ ነበር።

ከዚያ ወዲህ የሌሎችን ኮሚክ ስናነብም በመዳፍ መሸፈን ልማድ ሆኖብናል። የመጨረሻውን ሣጥን ከልሎ “እንግዲህ ምን ይመጣል?” ብሎ መጠየቅ፤ ወይም መካከለኛውን ሸፍኖ ያለ እሱ ታሪኩ ይቆም እንደሆነ ማየት። ይህን ከሰው ጋር ስታደርጉት አንድ ኮሚክ ግማሽ ሰዓት ያጫውታል፤ የሠሪውንም ብልሃት እጅ ከፍንጅ ትይዙታላችሁ።

“መሳል አልችልም” ለሚል ሰው ሁለት ሥራዎችን እጠቁማለሁ። ራንዳል ሞንሮ እ.ኤ.አ. በ2005 በጀመረው ኤክስኬሲዲ በተባለ የኢንተርኔት ኮሚክ ሰዎቹ ክብ ራስና አምስት መስመር ናቸው፤ ዓይን እንኳ የላቸውም። ከሥራዎቹ አንዱ ግን እ.ኤ.አ. በ2014 ለሥዕላዊ ታሪክ የሚሰጠውን የሁጎ ሽልማት ወስዷል። ካናዳዊው ራያን ኖርዝ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ በሚያወጣው የዳይኖሰር ኮሚክ ስድስቱን ሥዕሎች አይቀይራቸውም፤ ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ ያው ናቸው፣ የሚቀየረው ንግግሩ ብቻ ነው። በአንድ ዓይነት ሥዕል ይህን ያህል ዘመን መዝለቅ የቻለው ጽሑፉ ስለሚሸከመው ነው።

ሥራ መከፋፈልም የቆየ ልማድ ነው። ፔኒ አርኬድ የተባለውን ስለ ቪዲዮ ጌም የሚቀልድ ኮሚክ እ.ኤ.አ. በ1998 የጀመሩት ሁለት ጓደኛሞች ናቸው፤ ጄሪ ሆልኪንስ ይጽፋል፣ ማይክ ክራሁሊክ ይስላል። እኔን ይበልጥ የሚደንቀኝ ግን የጃፓኑ ዋን ፓንች ማን ነው። ዋን በሚል የብዕር ስም የሚጠራው ደራሲ እ.ኤ.አ. በ2009 በኢንተርኔት ሲጀምረው ሥዕሉ በጥድፊያ የተጫጫረ ይመስል ነበር፤ ታሪኩና የሣጥኖቹ አካሄድ ግን አንባቢ ሰበሰበ። ዩሱኬ ሙራታ የተባለ የተዋጣለት ሠዓሊ ወደደው፤ እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮም ታሪኩን እንደ አዲስ ይስለው ጀመር። ሁለቱን ቅጂዎች ጎን ለጎን ማየት ትምህርት ነው። ሙራታ እያንዳንዷን የጡንቻ ጅማት አውጥቶ ይስላል፤ ቀልዱ ግን የሚነሣው ዋን ባስቀመጠው ቦታ ነው።

ጽሑፉ እንዴት ይጻፍ? እዚህ ላይ አማርኛ ራሱ ይፈትናል። “ተነሥታ፣ ነጠላዋን ለብሳ፣ በሩን ዘግታ፣ ታክሲ ይዛ ሄደች” ብለን በአንድ ትንፋሽ እንጽፋለን። ለሠዓሊ ግን ይህ አምስት ሥዕል ነው። አንድ ሣጥን የሚችለው አንድ ድርጊት ብቻ ነው፤ ስለዚህ ከአምስቱ አንዱን መምረጥ ግድ ይላል። ነጠላዋን ስትለብስ ካሳያችሁ፣ ቀጥሎ ታክሲ ውስጥ ብትቀመጥ ማንም ግራ አይገባውም። ለሠዓሊዋ የምሰጣት ወረቀት ላይ በየሣጥኑ የምጽፈው የሚታየውን ነገርና የሚነገረውን ቃል ብቻ ነው። “አዝናለች” ብዬ አልጽፍም፤ ማዘኗን በምን እንደሚያሳይ የሚወስነው የሠዓሊዋ እጅ ነው።

ከዚያ የክብሪት ቀፎ በምታክል ሣጥን፣ በእርሳስ፣ ፊትና እጅ ሳይለይ ሙሉው ታሪክ ተጫጭሮ ይወጣል። ይህ ደረጃ ሊዘለል አይገባም። ሠዓሊዋ ቀኑን ሙሉ ደክማ ካስዋበችው በኋላ “ይህ ሣጥን ይውጣ” ማለት ይጨንቃል፤ ጭረት ላይ ግን ማንም አይቀየምም። ጥያቄውም “ያምራል?” መሆን የለበትም። ታሪኩን ለማያውቅ ሦስተኛ ሰው አሳዩትና “ምን ሆነ?” ብላችሁ ጠይቁት። የሚመልሰው ታሪክ የእናንተ ካልሆነ፣ አንድ ክፍተት ሰፍቷል ማለት ነው።

አሁን ስልኩን አንሡ። በድሮው ኮሚክ ገጽ ሲገለጥ ድንገተኛ ነገር ይመጣ ነበር፤ በስልክ ግን ገጽ የለም፣ ጣት አለ። ይህን ቀድመው የተጠቀሙበት ኮሪያውያን ናቸው፤ ኔቨር የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2004 በጀመረው የዌብቱን አገልግሎት ሥዕሎቹ አንዱ ከሌላው ሥር ተደርድረው አንባቢ ወደ ታች እያንሸራተተ ያነባል። በዚህ አሠራር በሁለት ሣጥን መካከል ያለው ነጭ ቦታ ርዝመቱ ጊዜ ይሆናል። ሣጥኖቹ ከተጠጋጉ ነገሩ ይፈጥናል። አንድ ስክሪን ሙሉ ባዶ ከተተወ ዝምታ ነው። በጀበናው ታሪክ በሳቋና በእናቷ አፍንጫ መካከል ረጅም ነጭ ቦታ ትተናል፤ መካከሉ ላይ በጣም ትንሽ ሆና “ቸስ…” የምትል ቃል ብቻ አለች። ቡናው አይታይም፣ ይሰማል። ድምፅን ከሣጥን አውጥቶ በክፍተቱ ውስጥ ማስቀመጥ ስልክ የሰጠን ትልቅ ነገር ይመስለኛል። አማርኛም ለዚህ ሀብታም ነው፤ ዷ፣ ቀጭ፣ ጠብ ጠብ፣ ዥው፣ ሁሉም ቦታና መጠን ሲሰጣቸው ራሳቸው ሥዕል ይሆናሉ።

ሣጥኖችን በቅደም ተከተል ማንበብ ለእኛ እንግዳ አይደለም። የንግሥተ ሳባን ታሪክ በረድፍ በረድፍ በተደረደሩ ሣጥኖች፣ ብዙ ጊዜ በ44፣ የሚተርከውን ባህላዊ ሥዕል ያላየ ጥቂት ነው፤ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከላይ ወደ ታች ይነበባል፣ በየሣጥኑም ሥር ጽሑፍ አለው። እ.ኤ.አ. በ2018 በአማርኛና በእንግሊዝኛ የወጣው ጀምበር የተባለ ኮሚክም ያንኑ የንባብ አቅጣጫ ይከተላል። የጃፓን ኮሚክ በብዛት የሚያነብ ሰው ግን ከቀኝ ወደ ግራ ስለለመደ ሣጥኖቹን ሲደረድር ይጠንቀቅ። በአንድ ሣጥን ሁለት ሰው ከተናገረ ቀድሞ የሚናገረው በግራ ይሁን፤ ንግግሩም ከሌላው ከፍ ብሎ ይቀመጥ።

ስለ ፊደል ትንሽ ልቆይበት፤ የብዙ ጀማሪ ሥራ የሚበላሸው እዚህ ነው። የእንግሊዝኛ ኮሚክ በአብዛኛው በትላልቁ ፊደል ይጻፋል፤ ፊደሎቹም በመልክ ስለሚራራቁ አንሰውም ይነበባሉ። የእኛ ቀ፣ ቁ እና ቂ የሚለያዩት ጎን ላይ በወጣች አንዲት ጭረት ነው፤ ስልክ ላይ ፊደሉ ሲያንስ መጀመሪያ የምትጠፋው ያቺው ጭረት ናት። ስለዚህ ፊደሉ ከእንግሊዝኛው ጎላ ማለት አለበት። ቃላችንም ረጅም ነው፤ “ስላላስታወስኩሽ” አንድ ቃል ነው፣ ለሁለት ሲቆረጥ ደግሞ ዓይን ይሰናከላል። መፍትሔው ንግግሩን መጀመሪያ ጽፎ የንግግሩን ክብ በዙሪያው መሳል ነው። ክቡን አስቀድሞ ስሎ ቃላቱን እየጨቆኑ ማስገባት ሁልጊዜ ያስታውቃል። ፎንት ከፈለጋችሁ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ በነፃ ይገኛል፤ እኔ ግን ከሁሉም የጓደኛዬን የእጅ ጽሑፍ እመርጣለሁ፤ ከመስመሯ ጋር ይሄዳል።

አማርኛ መልሶ የሚክሰን ደግሞ በግሱ ነው። “መጣሽ?” የሚል ንግግር ብቻ ቢታይ የሚጠየቀው አንዲት ሴት መሆኗ ይታወቃል፤ እሷን መሳል አያስፈልግም። ሌላ ምሳሌ፦ በመጀመሪያው ሣጥን የታክሲ ረዳቱ “አባቴ ትንሽ ይጠጉልኝ” ይላል። በሁለተኛው አንድ የተዘረጋ መዳፍ፣ ላዩ ላይ ጥቂት ሳንቲም። በሦስተኛው “ስማ አንተ ሰውዬ!” ስለ መልሱ የተነሣው ጭቅጭቅ በሙሉ ከእርስዎ ወደ አንተ በተደረገው ዝላይ ውስጥ አልቋል።

ለመሣሪያ ብዙ አትጨነቁ። ደብተር፣ እርሳስ፣ ጥቁር እስክሪብቶና በመስኮት ብርሃን ያለ ፍላሽ የተነሣ ፎቶ ይበቃል። በኮምፒውተር ለሚስል ክሪታ፣ በስልክ ለሚስል አይቢስ ፔይንት አለ። ወርዱን 1600 ፒክስል አድርጋችሁ ሥሩና ስትጨርሱ ወደ 800 አሳንሱት፤ 800 ለስልክ የተለመደ ወርድ ነው፣ ሲያንስም የእጅ መንቀጥቀጥ ይደበቃል።

የምታጋሩት በቴሌግራም ከሆነ ረጅሙን ሥዕል እንዳለ በፎቶ አትላኩት። ቴሌግራም ፎቶን ጨምቆ ነው የሚልከው። ወርዱ 800፣ ቁመቱ 5000 ፒክስል የሆነ ሥዕል ቁመቱ ወደ 1280 ቢወርድ ወርዱ 205 ገደማ ይቀራል፤ ፊደሉ ይሞታል። ወይ በፋይል መልክ ላኩት፣ ወይ በየሣጥኑ ቆራርጣችሁ በተከታታይ አስቀምጡት። ስትቆርጡ ግን ያ ነጭ ክፍተት አብሮ እንዳይጣል፤ ከሚቀጥለው ሣጥን ጋር አያይዛችሁ አስቀሩት።

በሳምንት አንድ ጊዜ እናወጣለን ካላችሁ፣ ከመጀመራችሁ በፊት ጥቂት ያለቁ ሥራዎችን ስንቅ አድርጋችሁ ያዙ፤ አንዳችሁ ሲታመም ወይም ፈተና ሲደርስ ሥራው አንባቢውን ሳያስጠብቅ ይቀጥላል።

ስማችሁን ሥዕሉ ውስጥ ጻፉ፣ የሁለታችሁንም። ሥዕል ከቻናሉ ተነጥሎ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር ከሥሩ የነበረው ጽሑፍ አይከተለውም። ገጸ ባሕርይዋ የማን እንደሆነችም ገና ሳትጀምሩ ተነጋገሩ። ሜጋቶኪዮ የተባለውን ኮሚክ እ.ኤ.አ. በ2000 የጀመሩት ፍሬድ ጋላገርና ሮድኒ ካስተን ከሁለት ዓመት በኋላ ተለያይተው ሥራውን ጋላገር ብቻውን ቀጥሎበታል። እኔና ጓደኛዬ የተስማማነው እንዲህ ነው፦ ልጅቷ የሁለታችን ናት፤ አንዳችን ብናቆም ሌላው መቀጠል ይችላል፣ የመሥራቿን ስም ግን ሳይፍቅ። በግማሽ ገጽ ጽፈን ሁለታችንም ፈርመንበታል።