ከቦሌ ስትነሱ ሰፈራችሁን በየትኛው መስኮት ታዩታላችሁ?

ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ያደግን ልጆች አውሮፕላንን አንጋጠን ስናይ ነው የኖርነው። ተራው ደርሶን ከላይ ወደ ታች የምናይበት ቀን ሲመጣ ግን ብዙዎቻችን ወይ መሃል ወንበር ይደርሰናል፣ ወይ ክንፍ ብቻ እያየን እንሄዳለን። ለሥራ ወደ ዓረብ አገር ወይም ወደ ደቡብ አፍሪካ ለሚሄድ ሰው ደግሞ ያቺ የመጀመሪያ አሥር ደቂቃ ለዓመታት የመጨረሻዋ የአገር እይታ ልትሆን ትችላለች። ስለዚህ ወንበር ከመምረጣችሁ በፊት ይህችን አንብቧት።

📌 ግራ ወይስ ቀኝ?
ፊታችሁን ወደ አብራሪው ስታዞሩ "ኤ" የተጻፈበት ወንበር የግራ መስኮት ነው፤ የመጨረሻው ፊደል የቀኝ። ወደ ሰሜን ስትበሩ ግራችሁ ምዕራብ፣ ቀኛችሁ ምሥራቅ ነው። ወደ ደቡብ ከሆነ ይገለበጣል። በቃ፣ ዋናው ሚስጥር ይኸው ነው። ስትመለሱ ደግሞ ጎኑን ቀይሩ።

👉 ባሕር ዳር፦ በግራ ቡራዩ፣ ወደ ቀኝ ሱሉልታ። ቀጥሎ የዓባይ ሸለቆ ይመጣል።
👉 ጅማ፦ በቀኝ ሰበታና የወጨጫ ተራራ።
👉 አርባ ምንጭ፦ ግራ ያዙ። ዝዋይ፣ ላንጋኖ፣ ሻላ፣ ሐዋሳ፣ አባያ፤ የስምጥ ሸለቆ ሐይቆች በዚያ በኩል ናቸው።
👉 ጆሃንስበርግ በቀን፦ ሰማዩ ከጠራ በግራ በኩል የኬንያ ተራራን፣ ራቅ ብሎም ኪሊማንጃሮን የማየት ዕድል አለ። የቱርካና ሐይቅ በቀኝ ነው።

📌 ሰፈራችሁን በምን ትለዩታላችሁ?
ቡራዩን የምታሳውቃችሁ ገፈርሳ ናት፤ ለአዲስ አበባ ውኃ የሚሄድባት ግድብ ከላይ እንደ መስታወት ታበራለች። ሱሉልታ ከእንጦጦ ባሕር ዛፍ ጀርባ ያለው ሰፊ ሜዳ ነው። ሰበታ ደግሞ የፋብሪካ ጣሪያዎች፣ የአበባ እርሻዎቹ ነጭ ፕላስቲክና ወደ ጅቡቲ የሚሄደው ባቡር ሐዲድ መነሻ አላት።

📌 አውሮፕላኑ የሚነሳው በየት በኩል ነው?
የቦሌ ማኮብኮቢያዎች ቁጥር 07 እና 25 ነው። ይህ በኮምፓስ ወደ 70 እና ወደ 250 ዲግሪ ግድም ማለት ነው፤ አንዱ ወደ ምሥራቅ፣ ሌላው ወደ ምዕራብ። አውሮፕላን ነፋስን ፊት ለፊት ይዞ ስለሚነሳ አቅጣጫው እንደ ቀኑ ይለያያል። ወደ ምዕራብ ከተነሳ አፍንጫው ወደ ሰበታ ነው። ከዚያ ሲታጠፍ በሚታጠፍበት በኩል ያለው ክንፍ ዝቅ ይላል፤ መሬትን ቁልቁል የሚያየውም በዚያ በኩል የተቀመጠው ሰው ነው። ሌላኛው ሰማይ ነው የሚያየው። ይሄን አስቀድሞ ማወቅ ስለማይቻል ትንሽ ዕድልም ይጠይቃል።

📌 ክንፉን ሽሹ
በቦይንግ አውሮፕላኖች ክንፉ ከመስኮቱ በታች ስለሆነ መሃል ላይ ከተቀመጣችሁ መሬቱን ይጋርዳል። ከክንፉ ፊት ወይም ወደ ጅራቱ ሂዱ። በአገር ውስጥ በረራ የምናውቀው ባለ ፕሮፔለሩ ኪው 400 ግን ክንፉ ከላይ ነው፤ እዚያ የሚከልላችሁ መሃል ላይ ያለው ሞተርና ጎማ ነው።

📌 ፀሐይና ወቅት
ጠዋት ፀሐይ ባለችበት በምሥራቅ በኩል ፎቶ ይነጣል፤ ከሰዓት በምዕራብ በኩል። ሐምሌና ነሐሴ ከደመና ሌላ ብዙም አታዩም። መስከረም ሲጋመስና በጥቅምት ግን ሰማዩ ይጠራል፣ መሬቱም ገና አረንጓዴ ነው።

📌 እንዴት ይገኛል?
ኦንላይን ቼክ ኢን እንደተከፈተ ግቡና ምረጡ። አንዳንድ ትኬት ላይ ወንበር መምረጥ ያስከፍላል፤ ክፍያውን አይታችሁ ወስኑ። ካልሆነ በጊዜ ድረሱና ቼክ ኢን ላይ "የመስኮት፣ በግራ በኩል፣ ክንፍ ላይ ያልሆነ" ብላችሁ ለይታችሁ ጠይቁ። "መስኮት" ብቻ ካላችሁ ክንፉ ላይ ልትወድቁ ትችላላችሁ።

ካርታውን ቀድማችሁ ስልካችሁ ላይ አውርዱት። ስልኩ ፍላይት ሞድ ላይ ሆኖም ጂፒኤሱ መስኮት አጠገብ ይሠራል፤ የት እንዳላችሁ ያሳያችኋል።

ረጅም በረራ ላይ የመስኮት ወንበር ዋጋም አለው፤ ሽንት ቤት በሄዳችሁ ቁጥር ሁለት ሰው ታስነሳላችሁ። ሌሊቱን ሙሉ ለሚበር አውሮፕላን ይሄ ላያዋጣ ይችላል። ንጋት ላይ ቦሌ የሚያርፍ ከሆነ ግን ቻሉት፤ ከዓመታት በኋላ የሰፈራችሁን ጣሪያ የምታዩት ከዚያ ወንበር ነው።

ሰሞኑን ሊበር ለተዘጋጀ ጓደኛችሁ ሼር አድርጉለት።