«እማማ፣ ውሃው ስንት ነው?»

ሰሞኑን ወጣቶቻችን ዘንድ ደስ የሚል ነገር እያየሁ ነው። ቅዳሜና እሁድን ጫት ቤትና ድራፍት ቤት ከማሳለፍ ሳይክል ይዞ ከከተማ መውጣት! ጎሽ ያሰኛል። ደግሞ ብስክሌት ለእኛ እንግዳ አይደለም። አገራችን በ1949 ዓ.ም. ሜልቦርን ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ ስትገባ ከሯጮቹ ጋር ብስክሌተኞችም ነበሯት። በ2008 ዓ.ም. ደግሞ ፅጋቡ ግርማይ በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል።

ታዲያ በቴሌቪዥን የምናየው የጣልያንና የስፔን ኮረብታ ሌላ፣ የእኛ ቆላ ሌላ። እዚያ ሳይክለኛው ዳገቱን ሲጨርስ መንደር ይጠብቀዋል፤ ቡናውን ጠጥቶ፣ ውሃውን ሞልቶ ይቀጥላል። ደቡቡ ቆላ ላይ ግን መንገድ የሚለካው በውሃ ነው። እስቲ ነገሌ ቦረና መንገድ ላይ ያየሁትን ላጫውታችሁ።

ሦስት ሆነን ሳይክሎቻችንን አውቶቡስ አናት ላይ አስጭነን፣ በክብረ መንግሥት በኩል ዋደራ ገብተን አደርን። ከዚያ ነገሌ ከስልሳ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ያደርንበት ቤት ሰውዬ «ወደ ቆላ ነው የምትወርዱት፤ ፔዳል ሳትመቱ ትደርሳላችሁ» ብሎ አበረታን። ምን መውረድ! አንዱን ጉብታ ስትጨርሱት ሌላው ይነሣል። ጠዋት በ12 ሰዓት ስንወጣ አየሩ ቀዝቃዛ፣ ወፉ የሚንጫጫ ነበር። ቀስ እያለ ጫካው ሳሳ፣ ግራሩ በዛ፣ አፈሩ ቀላ። ከሰው ቁመት የሚበልጥ ኩይሳ እዚህም እዚያም ቆሟል። ውበቱን ምን ብዬ ልንገራችሁ!

ከመሐላችን አንዱ በጂም የተገነባ ጎረምሳ ነው። ገና በጠዋቱ «ሞቀኝ» እያለ የያዘውን ውሃ አናቱ ላይ ሲያፈሰው ነበር። አምስት ሰዓት ላይ ግን ራሱን ያመው፣ ያቅለሸልሸው ጀመር። ከእኛ ውሃ አካፈልነው፤ አልበቃም። ግራር ጥላ ሥር አስቀመጥነው።

ይህን ጊዜ ነው አንዲት እናት ከአሥር ዓመት ከማትበልጥ ልጃቸው ጋር ጀሪካን አዝለው ብቅ ያሉት። ኦሮምኛ የሚችለው ጓደኛችን «አዴ» ብሎ ሰላምታውን ጀመረ። ቦረናና ጉጂ አገር ሰላምታ አይቸኮልም፤ ስለ ሰላሙ፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ ዝናቡ ይጠየቃል። ጎረምሳው ግን መች አስጨረሰው! ሁለት መቶ ብር መዥረጥ አድርጎ፣ «እማማ፣ ውሃው ስንት ነው?»

እናትየው ብሩን አዩት። ለአስተርጓሚያችን የመለሱት ቃል ይኸው፦ «ብር ይጠጣል እንዴ? ኪሱ ይክተተው።» ጀሪካኑን አውርደው በጣሳ ቀዱለት። አንድ ጠጣ፤ ደገመ። ሦስተኛው ሲቀዳለት ልጅቱን አየኋት። ዓይኗ ያለው እሱ ላይ አልነበረም፤ ጀሪካኑ ላይ ነው። ስንት እንደጎደለ እየለካች ነበር። እሱም አያት መሰለኝ፣ ጣሳውን ሳይነካው መለሰ። ስንጠይቅ ከቤት የወጡት ሳይነጋ ነው፤ ገና አልደረሱም። ሃያ ሊትር ጀሪካን ማለት እኮ ሃያ ኪሎ ጀርባ ላይ ነው!

ጓደኛችንን ከነሳይክሉ በአይሱዙ ልከን እኛ ማታ ነገሌ ገባን።

አንባብያን፣ በዚያ አካባቢ ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. አምስት ተከታታይ የዝናብ ወቅቶች ከሽፈው ስንት ከብት እንዳለቀ ታስታውሳላችሁ። ቦረናዎች በጥልቅ ጉድጓዶቻቸው፣ ቱላ በሚሏቸው፣ ውሃውን እየዘፈኑ ከእጅ ወደ እጅ እየተቀባበሉ ያወጡታል። የእያንዳንዱ ጉድጓድ ተራ ጠባቂ አለው፤ አባ ሄሬጋ ይባላል። ውሃ እዚያ ሕግ ነው። ነገሌ ራሷ ምስክር ናት፦ በጥር 1966 ዓ.ም. የአራተኛው ብርጌድ ወታደሮች የውሃ ፓምፓቸው ተበላሽቶ መኮንኖቹ ከራሳቸው ጉድጓድ አናስቀዳም ቢሏቸው አዛዡን ያዙ። ከየካቲቱ አብዮት ቀድሞ የተሰማው ድምፅ ይኸው ነበር።

እንግዲህ ለመሄድ ያሰባችሁ፣ ምክሬን እንካችሁ። ከሁሉ በፊት የመንገዱን ሰላም ከአካባቢው ሰው ጠይቁ። በሙቀት ሳይክል የሚነዳ ሰው በሰዓት አንድ ሊትርና ከዚያም በላይ በላብ ሊያጣ ስለሚችል፣ ለአንድ ሰው ቢያንስ ስድስት ሊትር ያዙ። ውሃ ብቻውን አይበቃምና ጨው ያለው ምግብ ወይም ከፋርማሲ ኦ.አር.ኤስ. ጨምሩበት። ከስድስት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጥላ ፈልጋችሁ ዕረፉ። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ሲጀምር ቁሙ፤ ሰውዬው መቀባዠር ካመጣማ ቀልድ የለም፣ ገላውን እያቀዘቀዛችሁ ወደ ሐኪም ነው። ትርፍ ከመነዳሪና መንፊያም አትርሱ፤ ጎሚስታ ያለው ከተማ ብቻ ነው።

የቆላ ሰው ለተጠማ እንግዳ ውሃ አይከለክልም። አይከለክልም ተብሎ ግን ባዶ ኮዳ ይዞ አይወጣም! የምትጠጡት እያንዳንዱ ጣሳ የአንዲት ልጅ የንጋት መንገድ ነው።

መልካም ጉዞ!